ቃል ሳናገኝ የተቀመጥንበት እሑድ

ለአስር አለቃው ሚስት ልንጠይቅ በሄድንበት በዚያ እሑድ ግቢው ውስጥ የነበርነው ስድስት ነን። ስም አልጠራም፤ ሸዋ ሮቢት ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቀን ያውቀናል፣ የማያውቀን ደግሞ ስማችን ምንም አይጨምርለትም። ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ ላስቀምጥ።

አንደኛው የአስር አለቃው አጎት ናቸው፤ በቀድሞው ጦር ያገለገሉ፣ ግራ ጉልበታቸው የማይታጠፍ፣ አሁን የሰው ማንጎ የሚጠብቁ። ሁለተኛው ሐጂ፤ ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፣ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣላም ድንበር ሲገፋም መጀመሪያ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው እኔ፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ። አራተኛው የቤቱ ባለቤት፣ የልጅቱ አባት። አንድ የምርጫ ዘመን የምክር ቤት አባል ስለነበሩ ከተማው እስከ ዛሬ «የተከበሩ» ነው የሚላቸው፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ እየቀለደ። እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። አምስተኛዋ ባለቤታቸው እትዬ፣ ስድስተኛዋ ልጃቸው፣ በጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችው።

ልጅቱን ሊያገባ ሽማግሌ የላከው አስር አለቃ ራሱ እዚያ አልነበረም። እሱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ጁስ ቤት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወሬያችንን ይጠብቅ ነበር።

ይህን የምጽፈው ታሪኩ በየቦታው በየመልኩ ስለሚነገር ነው። አጣዬ ለሥራ ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በእነሱ ወሬ በግ ታርዷል። በግ አልታረደም። ማጀቴ ከተማ ደግሞ አጎትየው ከዘራቸውን መዘዙ ይባላል። ከዘራው በዚያ ቀን እኔ እጅ ነበር። እንዴት እኔ እጅ እንደገባ አሁን እነግራችኋለሁ።

አስር አለቃው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ፓምፕ መፍታት ስጀምር እሱና አዋላጇ በትምህርታቸው ቀጠሉ፤ ነገሩም የዚያን ጊዜ የተጀመረ ነው። በዚያ ግንቦት የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣና በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ። የተከበሩ በመጀመሪያው እሑድ «እንመክርበታለን፣ ተመለሱ» ብለው ሸኙ። ይህ ክፉ መልስ አይደለም፤ በአገራችን ሴት ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄ አትሰጥም፣ ሽማግሌ ሁለቴም ሦስቴም ይመላለሳል። ችግሩ የአስር አለቃው ፈቃድ ከደጅ ጥናቱ ጋር እኩል አለመሄዱ ነበር። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ መመለስ አለበት። የሚቀጥለው ፈቃዱ መቼ እንደሚሆን እሱም አለቃውም አያውቁም። ስለዚህ የሁለተኛው እሑድ መልስ ወይ ይዞት የሚሄደው፣ ወይ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳያውቅ የሚጠብቀው ነገር ነበር።

ሽማግሌ በጎዶሎ ነው የሚላከው። በመጀመሪያው እሑድ ሦስተኛ የነበሩት የአስር አለቃው ቤተሰብ የንስሐ አባት ድንገት ለቀብር ማጀቴ ሄዱ። ቅዳሜ ማታ አስር አለቃው ቤቴ መጥቶ፣ «አንተ ግባበት» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጢሜ እንኳ ገና አልሞላም። «ሽማግሌ ሊሉኝ ይችላሉ?» አልኩት። «የተከበሩን ፓምፕ ሦስት ጊዜ ጠግነሃል፤ ከአንተ በላይ የሚያምኑት ሰው የለም» አለ። ሦስት ሳይሆን አራት ጊዜ ነው የጠገንኩት፤ ግን አላረምኩትም።

እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አጎትየው ቤት ስደርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሽማግሌ አይደለም፣ የሽማግሌ የልጅ ልጅ ነው» አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው ጋቢያቸውን አመጡና አለበሱኝ። ከዘራቸውንም ሰጡኝ። «እርስዎስ?» ብላቸው፣ «ለእኔ እግሬ ይመሰክርልኛል» አሉ። በግንቦት፣ በሮቢት ቆላ፣ በስምንት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ጋቢ የለበሰ ሰው ከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነት እየቀነሱ ያዩኝ ነበር።

መንገድ ላይ ሐጂ ተቀላቀሉን። የቀትሩን ዙሁር ሰግደው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው። አጎትየው መሐል መንገድ ላይ አቆሙንና እንደ ሰልፈኛ አዘዙን።

«ቃል ሳይሰጠን መቀመጥ የለም። ተቀመጡ ቢሉ አንቀመጥም፤ ቢለምኑም አንቀመጥም። ቃል ሳይሰጠን ምንም አይቀመስም። ውሃም ቢሆን። ገባችሁ?»

«እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመቴ ነው» አሉ ሐጂ።

«ለእርስዎ አይደለም፤ ለዚህ ለጋቢው ነው።»

ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ልግለጽ። ለጋብቻ የሚሄድ ሽማግሌ የልጅቱ አባት «ሰጥቻለሁ» እስኪሉ ድረስ ቆሞ ነው የሚናገረው። መቀመጥና መቅመስ የእሺታ ምልክት ነው። ሳይፈቀድለት የተቀመጠ ሽማግሌ ጉዳዩን በገዛ እጁ እንደጣለ ይቆጠራል፤ ሌላ ቀን እንደ አዲስ ይመጣል።

የተከበሩ ቤት ከመስኖው ቦይ ማዶ ነው፣ ከኋላው የሽንኩርት ማሳ አለው። በረንዳው ላይ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። የተከበሩ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«መቀመጡ ይደርሳል» አሉ አጎትየው። «ባለፈው እሑድ የመጣንበትን ጉዳይ ይዘን ነው የቆምነው። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለናል። እንመክራለን ብለውናል።»

«መክረናል። ስለ ዘሩ አልጠይቅም፤ አያቱን አውቃለሁ። ስለ ጠባዩም አልጠይቅም፤ እዚሁ ነው ያደገው።» የተከበሩ ቀጥለውም፣ «ልጁ ስንት ያገኛል?» አሉ።

ይህ ጥያቄ እንዲህ በግልጽ አይጠየቅም። ሰው በጎን ያጠያይቃል እንጂ ሽማግሌ አቁሞ ደሞዝ አይጠይቅም። አጎትየው ፊታቸው ተለወጠ። ያን ሰሞን ደግሞ የምክር ቤት አባላት ደሞዝ ሊጨመር ነው የሚል ወሬ በየስልኩ ይዞር ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም፤ በየሻይ ቤቱ ግን እሱ ነበር ክርክሩ።

«የተከበሩ» አሉ አጎትየው፣ «ይሄን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አይከፋኝም ነበር። ሰሞኑን ለእርስዎ ወገን ሊጨመር ነው ሲባል አልሰሙም? ለእናንተ የሚጨመረው ለልጃችን ቢጨመር ይሄ ጥያቄ አይነሳም ነበር።»

«የእኔ ወገን? እኔ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ! አሁን የእኔ ወገን ሽንኩርት ነው።»

«ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ከተነሳም በኋላ የወንበሩ ወገን ነው።»

«እሺ ይሁንልዎ። ታዲያ ቢጨመርላቸው ምን ክፋት አለው?»

«ምን ክፋት አለው? ተመራጭ ጥላ ሥር ተቀምጦ እጁን ያነሳል። ወታደር ፀሐይ ላይ ቆሞ መሣሪያ ያነሳል። የትኛው ይከብዳል?»

የተከበሩ ሳቁ። «እጅ ማንሳት የሚቀለው ላላነሳው ሰው ነው። ልንገርዎ፤ ወታደር ልብሱም ምግቡም መኝታውም ከመንግሥት ነው። ዋናው ከተማ የነበረኝ ቤት በዚያ አምስት ዓመት ሆቴልም ሆስፒታልም ነበር። ከዚህ ከወረዳችን ከቀወት ለሕክምና የመጣ ሁሉ የሚያድረው የት ነው? እኔ ጋ። አንድ ሰውዬ ዓይኑን ሊታከም መጥቶ ሁለት ወር ከቤቴ አልወጣም።»

«ሦስት ወር!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እትዬ ናቸው። «ዓይኑ ከዳነ በኋላ ደግሞ ከተማውን ልይ ብሎ አሥራ አንድ ቀን ጨመረ።»

«ሰሙ? ለቅሶ ድንኳን ስገባ ሰው ሁሉ እጄን ነው የሚያየው። ሌላው ሃምሳ ቢሰጥ ማንም አይናገረውም። የምክር ቤት አባል ሃምሳ ቢሰጥ እስከ ተዝካሩ ይወራበታል። ተመራጭ በደንብ ካልተከፈለው ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ ሀብታም ብቻ ይመረጣል፣ ወይ የተመረጠው ድሃ እጁን ወደማይገባ ኪስ ይሰዳል።»

«ይሄስ እውነት ነው፣ ወላሂ» አሉ ሐጂ። «ሚዛን የሚይዝ ሰው ከተራበ ሚዛኑ ይጎድላል።»

አጎትየው ዞረው አዩአቸው። «ሐጂ፣ ከማን ጋር ነው የመጡት?»

«ከእርስዎ ጋር ነው የመጣሁት። ጆሮዬን ግን ቤት ትቼው አልመጣሁም።»

በዚህ መሐል አዋላጇ ትሪ ይዛ ወጣች። ትሪው ላይ ዘጠኝ ማንጎና አንድ ቢላዋ ነበር። ሐጂ ያሉበት እንግድነት ላይ ሥጋ ስለማይቀርብ እነዚህ ቤተሰቦች ሁልጊዜ ፍራፍሬ ነው የሚያዘጋጁት፤ የጓሯቸው ማንጎ ደግሞ ግንቦት ላይ የሚደርስ፣ ጭረት የሌለው ቀጭን ቅርፊት ያለው ነው። ትሪውን ሐጂ አጠገብ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ የቢላዋውን እጀታ ወደ እሳቸው አዞረችና ምንም ሳትናገር ተመልሳ ገባች። ይህን አይቻለሁ። ያን ጊዜ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩበትም፤ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ክርክሩ ጦፈ። አጎትየው እናታቸው በሞቱ በአርባ ቀናቸው እንደተረዱ ተናገሩ። «ምሽግ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ፍርጃ ነው፤ ላልቅስ ብል የሚያስለቅስ ሰው የለ፣ ዝም ልበል ብል ዝም አላልኩ። ይሄን በየትኛው አበል ይከፍሉታል?» የተከበሩ፣ «ማንም አይከፍለውም፤ እኔስ መቼ ይከፈላል አልኩ» አሉ። ሐጂ በመሐል እየገቡ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ያደላሉ። እትዬ ይህን ሁሉ ከውስጥ ሲሰሙ አልቻሉም፤ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ።

«የደሞዙን ነገር እኔን ጠይቁኝ» አሉ። «እሳቸው የተከበሩ ተብለው ዋናው ከተማ ሲቀመጡ ወር ሳይሞላ ብር የሚልከው ማን ነበር? እኔ! ሽንኩርት ሸጬ ለምክር ቤት አባል ደሞዝ የምልክ እኔ ነበርኩ። የአስር አለቃው እናት ግን በየወሩ ከልጇ ይላክላታል። አዲሱን ቆርቆሮዋን አላያችሁም? ከዚህ ሲታይ ዓይን ይወጋል።»

ሐጂ ሳቁ፤ የተከበሩ ራሳቸው ሳቁ። «ታዲያ የሚጨመረው ለእትዬ ነዋ!» አሉ ሐጂ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። ማን ቀድሞ ተቀመጠ? ከተማው ሐጂ ናቸው ይላል። አይደሉም። እኔ ነኝ። ጋቢው ውስጥ እንደ ድንች እየተቀቀልኩ ነበር፤ ሁሉም ሲስቁ ነጩ ወንበር ላይ ራሴን አገኘሁት። ሐጂ እኔን አዩ። በሳቁ መሐል ቃሉ ተሰጥቶ ያመለጣቸው መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ እሳቸውም ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጎትየው ከሁላችንም በኋላ ናቸው፤ ጣታቸውን ወደ የተከበሩ እንደቀሰሩ፣ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አረፍ አሉ። የተከበሩም በነገሩ ተጠምደው ስለነበር አላስተዋሉም፤ አራተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አንተስ ዝምተኛው?» አሉኝ የተከበሩ በድንገት። «ፓምፔን ስትፈታ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ትናገራለህ። ሽማግሌ ነኝ ብለህ መጥተህ የለ እንዴ? ፍረድ።»

ብዙ መናገር አልወድም። ግን ፍረድ ከተባልኩ የማውቀውን ነው የምናገረው።

«እዚህ ከቤትዎ ኋላ ያለው ቦይ የውሃ አባት አለው» አልኩ። «ገበሬው ነው የመረጠው። ተራ የሚያወጣው እሱ፣ ሲጣሉ የሚዳኘው እሱ። ለድካሙ ከየማሳው ይሰጠዋል፣ አምና ጨምሩልኝ ብሎ ተጨምሮለታል፤ አንድም የተቃወመ የለም። ግን በበጋ ውሃው ሲያንስ የውሃ አባቱ የራሱን ማሳ መጨረሻ ነው የሚያጠጣው። ከሁሉ በፊት የሚጠጣው ከቦይው ጫፍ ያለው፣ ውሃ የማይደርሰው ማሳ ነው። እኔ ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሲፈርስ አላየሁም። ተመራጭም ይጨመርለት። ከቦይው ጫፍ ካለው በኋላ ይሁን እንጂ።»

ያበላሸሁ መሰለኝ። የተከበሩ ወደ ማሳቸው አቅጣጫ ያዩ ነበር።

«በአንድ ቀን ሁለት ጉዳይ ቀረበልን» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አንዱ የአባላት አበል ይሻሻል የሚል። ሌላው ከየወረዳችን ዘምተው አካላቸው የጎደለ ልጆች ይደገፉ የሚል። የመጀመሪያው የያዝነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። እጄን አነሳሁ። ሁለተኛው ሲመጣ በጀት የለም ተባለ፣ ይጠናና ለሚቀጥለው ይተላለፍ ተባለ። እሱም ላይ እጄን አነሳሁ። የሚቀጥለው ሳይመጣ የእኔ ዘመን አለቀ።»

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ነበር። ይህን ከዚያ በፊት የሰሙት አልመሰለኝም።

«ስንት ያገኛል ያልኩት ልጁን ንቄ አይደለም» አሉ የተከበሩ። «ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ልጄ የምትወድቀው እንደ እኔ ባለ እጅ ላይ ነው ብዬ ነው። ያን እጅ አውቀዋለሁ።»

በዚያ መሐል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ሐጂ የማንጎ ፍሬ ሲመጥጡ።

ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው። በሐዘን አንገታቸውን ደፍተው፣ ከልባቸው እያዳመጡ፣ ሁለተኛውን ማንጎ እየጨረሱ ነበር። ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወርዷል።

«ሐጂ» አሉ የተከበሩ ቀስ ብለው፣ «ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ቃል ሰጠሁ?»

ሐጂ በእጃቸው ያለውን ፍሬ አዩ። የተቀመጡበትን ወንበር አዩ። እኔን አዩኝ። «አልሰጡም እንዴ?»

አጎትየው እንደ እሳት ዘለው ተነሱ። በዚያ እግር እንዴት እንደዘለሉ አሁንም አይገባኝም። እኔም ተነሳሁ፤ ጋቢው ወንበሩ ላይ ቀረ። የተከበሩ ግን ኮታቸውን አስተካክለው፣ ድሮ በስብሰባ ላይ ይናገሩበት ነበር ብዬ በምገምተው ድምፅ፣ «ሥርዓቱን እናንተም እኔም እናውቃለን» አሉ። «ቃል ሳይሰጠው የተቀመጠና የቀመሰ ሽማግሌ ጉዳዩን ጥሏል። የሚቀጥለው እሑድ እንደ አዲስ ኑ።»

«የሚቀጥለው እሑድ ልጁ የለም» አሉ አጎትየው። «ነገ ነው የሚሄደው።»

«ሥርዓት ነው።»

«ማንጎ ምግብ አይደለም፣ የተከበሩ!» አሉ ሐጂ። «ማንጎ የተንጠለጠለ ውሃ ነው!»

«ውሃም አይቀመስም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አጎትየው። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እጃቸው ከጎናቸው። «የመራኋቸው እኔ ነኝ። እኔን ይቅጡኝ፤ ደግሜ ደጅዎን አልረግጥም። ልጁ ግን በእኔ ጥፋት አይቀጣ።»

የተከበሩ የምራቸውን ይሁን የቀልድ መለየት አልቻልኩም። የሚመስለኝን ልናገር። ያን የሚያህል ነገር በእንግዳ ፊት ከተናገሩ በኋላ የሚደበቁበት ቦታ ፈልገው ነበር፤ ሥርዓቱን አገኙና ከኋላው ቆሙ። እኔ የማስበው ጁስ ቤት ስላለው ሰው ነበር። ስልኬን በኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር፣ ምን ብዬ እንደምደውል ግን አላውቅም።

አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ ማንጎውን ማን አቀረበ?»

«አንቺ።»

«ለሽማግሌ የሚቀመስ ነገር መቼ ነው የሚቀርበው?»

«ቃል ከተሰጠ በኋላ ነዋ።»

«እንግዲያው እነሱ ቃል ሳያገኙ በልተዋል፣ እኛም ቃል ሳንሰጥ አቅርበናል። ከሆነ ሁለታችንም ነን ያጠፋነው።»

የተከበሩ አገጫቸውን አሹ። «ማን አቅርቢ አለሽ?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ። «እኔ ቃሌን ባለፈው እሑድ ነው የሰጠሁት። የጠየቀኝ ስለሌለ ነው ያልሰማችሁት።»

ሐጂ «ሱብሃነላህ» ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

«እኔም የመንግሥት ደሞዝ ነው የምበላው፣ አባዬ» አለች ልጅቱ። «እንደማይበቃ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አንድ ቀን ስንት ታገኛለህ ብዬው አላውቅም። ሲደውል የምጠይቀው ደህና ነህ ወይ ብዬ ነው። ደህና ነኝ ካለኝ ያን ወር በቅቶኛል።»

የተከበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የምትደግፉ?» አሉ።

መጀመሪያ አልገባንም። እትዬ ቶሎ ገባቸውና እጃቸውን አወጡ። ልጅቱም አወጣች። ሐጂ ጭማቂው የሚንጠባጠብበትን እጃቸውን ከሁሉም በላይ ከፍ አድርገው ሰቀሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ የዚህ ምክር ቤት አባል አይደሉም!» አሉ የተከበሩ።

«ታዛቢ ነኝ፣ ታዛቢ!» ብለው እጃቸውን ሳያወርዱ ቀሩ።

የተከበሩ የራሳቸውን ቀኝ እጅ አዩት፣ ገልብጠውም አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው አነሱት። «ሰጥቻለሁ» አሉ።

እትዬ እልል አሉ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዱዓ አደረጉ፣ አጎትየው «እግዜር ያክብርልን» ብለው መሬት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው እንቢ አለና እኔና የተከበሩ ግራና ቀኝ ይዘን አቃናናቸው።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ የተከበሩ። «ልጁን ዛሬውኑ ልየው። ደሞዙን አልጠይቀውም።»

ይህም ከሥርዓት ውጪ ነው፤ ልጁ ከሠርጉ በፊት የአማቱን ደጅ አይረግጥም። ማንም ግን ሥርዓት የሚል ቃል ደግሞ ሊያነሳ አልደፈረም። ደወልኩለት። አንዴ እንኳ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳ። «ምን አሉ?» አለኝ። ወሬውን ከእኔ ሳይሆን ከእነሱ ይስማ ብዬ፣ «ና» ብቻ አልኩት። በኋላ እንደነገረኝ በዚያች አንዲት ቃል ተነስቶ ሂሳብ ሳይከፍል ነው የወጣው፤ የጁስ ቤቷ ልጅ ናት ያስታወሰችው።

ባጃጁ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደረሰ። አስር አለቃው በር ላይ ሲደርስ ሁላችንንም በየተራ አየን፣ ከማናችን ፊት ላይ መልሱን እንደሚያነብ እየፈለገ። ልጅቱ ከእናቷ ኋላ ቆማ ፈገግ አለችለት፤ ያኔ ነው ትከሻው የወረደው። የተከበሩ ሰላም አላሉትም። ክርኑን ያዙትና በቤቱ ጎን አልፈው፣ ሁለቱ ብቻ፣ በሽንኩርቱ መደብ መሐል ወደ ቦይው ሄዱ።

እኛ በረንዳው ላይ ሆነን እናያቸው ነበር። የተከበሩ ቦይው ዳር ቁጢጥ አሉ፣ እሱ ግን ቆሞ ቀረ። ያወሩ የነበሩት የተከበሩ ናቸው። አንድ ጊዜ አስር አለቃው ፊቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ላብ ይሁን ሌላ ከዚያ ርቀት አይታይም። ከዚያ እሱም ቁጢጥ አለ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱም ጮክ ብለው ሲስቁ ተሰማን፣ ሐጂ እንኳ «ምን አገኙ?» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። ሲመለሱ የተከበሩ፣ «ጥር ላይ ይሁን» ብቻ አሉ። ጥር ላይ ሆነ። አስር አለቃው በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዶ፣ ለሠርጉ ፈቃድ አግኝቶ መጣ።

እዚያ ቦይ ዳር ምን እንደተባባሉ ግን አላውቅም። የተከበሩን ፓምፑን ለአምስተኛ ጊዜ ስጠግን ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ብሎኑን አጥብቅ» አሉኝ። አስር አለቃውን ሠርጉ ላይ ጠየቅኩት፤ ሳቀና ሌላ ወሬ ጀመረ። ስለዚህ በዚያ ቀን የነበራችሁትን እጠይቃለሁ። እትዬ በጓሮው መስኮት በኩል የተወሰነውን ሳይሰሙ አልቀሩም። ሐጂ የአስር አለቃውን ሸሚዝ አረንጓዴ ነው ይላሉ፣ እኔ ግራጫ ነው ብዬ አስታውሳለሁ፤ አጎትየው ይዳኙን። በጎረቤት ማሳ ሽንኩርት የምታርሙ ሁለት ሴቶችም ነበራችሁ፣ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ትቀርቡ ነበር። ያሳቃቸው ምን እንደሆነ የሰማችሁ ካላችሁ፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ ንገሩኝና እጨምራታለሁ።